«ሰንበት» ስንል የትኛዋን?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። እ.ኤ.አ. በ1981 ለወጣው «የእሳት ሰረገሎች» ፊልም የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። በ1924ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያው እሁድ ስለዋለ ሯጩ ኤሪክ ሊዴል አልሮጥም ይላል። «በሰንበት አልሮጥም» ብዬ ጻፍኩት። አንድ ጓደኛዬ አይቶ «ቅዳሜ ነበር እንዴ?» አለኝ። ደግሞ በሌላው ሯጭ በሃሮልድ አብርሃምስ ላይ በአይሁዳዊነቱ የሚደርሰውን (በእንግሊዝኛ prejudice የሚሉትን) «ቅድመ ፍርድ» ብዬዋለሁ። ለጆሮ ግን ይጎረብጣል።

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው ወንድሜ። በአማርኛ ሰንበት ሁለት ናት፤ ቅዳሜ ቀዳሚት ሰንበት፣ እሁድ ሰንበተ ክርስቲያን። ሌላ ፊልም ቢሆን ምንም አልነበረም። እዚህ ግን ሊዴል ወንጌል ሰባኪ ነው፣ አብርሃምስ አይሁዳዊ። «እሁድ አልሮጥም» በለውና ገላግለው። ሊዴል እሁድ ኳስ የሚጫወተውን ልጅ ሲገሥጽ ግን «ሰንበት እኮ ነው» ቢል ያምርበታል። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ስለሆነ ቀኑ አይምታታም።

«ቅድመ ፍርድ» ፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ይሸታል። አብርሃምስን በሩን የዘጋበት የለም። ኬምብሪጅ ገብቷል፣ ይሮጣል፣ ያሸንፋል። ግን ፊት ይነሱታል። ፊት መንሳት ስድብም ዱላም የለበትም፤ ሰላምታው አለ፣ ሙቀቱ የለም። ሁለቱ የኮሌጅ አለቆች ጠርተው የሚያነጋግሩትን ትዕይንት ደግመህ እየው። ጨዋታው ሁሉ በወግ በማዕረግ ነው። ልጁ ሲወጣ ዘሩን ያነሳሉ። በሰውየው በኩል ሆነህ ስትጽፍ ደግሞ «ባይተዋር» የምትለዋን አትርሳ።

ሌላ አባል፦ እኔ የምፈራው «እንግሊዛዊ»ን ነው። ብሪታንያን ጠቅልለን እንግሊዝ ማለት ለምዶብናል። ሊዴል ቻይና ቢወለድም ስኮትላንዳዊ ነው፣ ለስኮትላንድ ራግቢ ተጫውቷል። አብርሃምስ በተራው የሚሮጠው እንግሊዛዊ ነህ እንዲሉት ነው። ቃሏን ለሁሉም ካደልካት ለእሱ ምን ይተርፋል?

ጠያቂ፦ ኧረ ተባረኩ! ለሊዴል በወረቀት የሚሰጠውን ጥቅስስ ራሴ ልተርጉመው?

መልስ፦ ለምን ትደክማለህ? 1ኛ ሳሙኤል 2፥30 ነው። «ያከበሩኝን አከብራለሁና» የሚለውን እንዳለ ውሰደው።

ጠያቂ፦ «አማተር»ስ? አለቆቹ የከፉት አብርሃምስ ሙያተኛ አሠልጣኝ ስለቀጠረ ነው። በእኛ አፍ አማተር ጀማሪ መስሎ ይሰማል።

ሌላ አባል፦ በዚያ ዘመን ለገንዘብ የማይወዳደር ማለት ነበር። እኔ ብሆን «ጨዋ»ን እሞክራለሁ። ጠባዩንም ዘሩንም አንድ ላይ ይይዛል፤ አለቆቹም የሚያምታቱት እሱን ነው። አሠልጣኙ ሳም ሙሳቢኒ ስታዲየም ሳይገባ፣ በሆቴሉ መስኮት ባንዲራው ሲወጣ አይቶ ባርኔጣውን በቡጢ የሚበሳባት ቦታ ላይ ግን ምንም አትጻፍ።