«ለምዝገባ ጊዜ ተሰጥቶ ነበር» ላላችሁን ሁሉ

የመርሳው ገበሬ፦
ትናንት አንድ ሰው «መሣሪያው ኬላ ላይ የተወሰደበት ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ለምዝገባ ጊዜ ተሰጥቶት ነበር» ብሎ ጽፎ አደረ። ሌሊቱን ስናደድ ነው ያነጋሁት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ወጣ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣና ሰው መሰብሰብ ተከለከለ። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ፤ ሐምሌ ላይ ቆቦ፣ ነሐሴ ላይ ወልዲያ ተያዘ። እኛም በየዋሻው ተበተንን። የተሰጠን ጊዜ ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው? ወሩን ንገሩኝ።

ሕግ አዋቂው ከደሴ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልሰርዘውም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሣሪያ መያዝ መብት ተብሎ አልተደነገገም። አንቀጽ 51 ስለ መሣሪያ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። አዋጁም መሣሪያ መያዝ ልማድ የሆነባቸውን አካባቢዎች አልዘነጋም፤ ሰው አስመዝግቦ በፈቃድ እንዲይዝ በር ከፍቷል። በሩ ሲከፈት ያልገባ ሰው ኋላ ተዘጋብኝ ብሎ መጮህ አይችልም። ጊዜ ተሰጥቶ ነበር።

የወገል ጤና ልጅ፦
በሩ ሲከፈት አልክ? በሐምሌ 2013 የአማራ ክልል መሪዎች የመንግሥትም ሆነ የግል መሣሪያ ያለው ሁሉ ይዝመት ብለው ጥሪ ሲያቀርቡ ማን ነው ፈቃድህን አሳይ ያለው? አባቴ በሬውን ሸጦ በገዛው ክላሽ ዘመተ። ስንቁም የራሱ፣ ጥይቱም የራሱ ነበር። ያን ቀን «አለኝታችን» ተባለ። ዛሬ ያንኑ ክላሽ ይዞ ለቅሶ ሲሄድ «ሕገ ወጥ ታጣቂ» ይባላል። ሰውዬው ያው ነው፤ ብረቱም ያው ነው። አንተ በዚያ ወር የት ነበርህ?

ሕግ አዋቂው ከደሴ፦
የት እንደነበርኩ ለክርክሩ አይጠቅምም። የክልል ጥሪ የፌዴራል አዋጅን አይሽርም።

የወገል ጤና ልጅ፦
ይጠቅማል እንጂ! የክልል ጥሪ አዋጅን የማይሽር ከሆነ ያን ጊዜ ለምን አልተናገርክም? ሰው ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ነው ሕጉ ትዝ ያለህ?

የኮምቦልቻ ሾፌር፦
ሁለታችሁም አትጩኹ። እኔ ከወልዲያ ኮምቦልቻ ጭነት የምመላለስ ሰው ነኝ። መንገድ ላይ አስቁሞ ኪሴን ያራገፈኝ ሰው የያዘውም ክላሽ ነበር። ረዳቴ ደግሞ ሐይቅ ላይ በሠርግ በተተኮሰ ጥይት ትከሻውን ተመትቶ ሁለት ጣቱ እስከ ዛሬ አይታጠፍም። ስለ አባትና አያት ክብር ስትጽፉ ይህንንም ጻፉ። እኔ መሣሪያ የሚባል ሁሉ ቢሰበሰብ ደስ ይለኛል።

ሐይቅ ዳር፦
የሐይቅን ስም ለምን ታነሣለህ? ያን ሠርግ አውቀዋለሁ። የተኮሰው የሐይቅ ሰው አይደለም፤ ከከተማ በመኪና የመጣ እንግዳ ነው። የአገሬው ሰው ጥይት በሠርግ አያባክንም፤ ዋጋዋን ያውቃል።

የኮምቦልቻ ሾፌር፦
ጥይቷ ከየት እንደመጣች ለረዳቴ ትከሻ ምን ይረባዋል? ሠርጉ የእናንተ ነበር፤ ሽማግሌዎቻችሁም ቆመው ያዩ ነበር።

ሐይቅ ዳር፦
ሽማግሌዎቹ መሣሪያውን ነጥቀው ያስቀመጡትስ? ያን ለምን አትጽፍም? ካሣውም በአባጋር፣ በአስታራቂ ሽማግሌው፣ ፊት ተቆርጦ ተከፍሏል።

የጃማው፦
ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። እኔ አስመዝግቤያለሁ። አስመዝግቤም ተወስዶብኛል፤ ስለዚህ «ጊዜ ተሰጥቶ ነበር» የሚለው ነገር እኔን አይመለከተኝም። የአያቴ ምንሽር ነው። አያቴ በየክረምቱ በቅባት እየወለወለ ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር አደብዝዞታል። መዝጋቢው በስልኩ መብራት እያየ የመጨረሻዎቹን አሃዞች በግምት ጻፋቸው፤ «3 ነው ወይስ 8?» ሲል እኔንም ጠይቆኝ ነበር። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ አኖርኩት። ኬላ ላይ የቆመው ፖሊስ ብረቱን በጣቱ ጠራርጎ አየና «ይህ 8 ነው፤ ወረቀትህ ላይ ያለው 3 ነው፤ የሌላ ሰው ወረቀት ነው» አለኝ። ማኅተሙን አሳየሁት። «ይህ ማኅተም የድሮ ነው፤ ተቀይሯል» አለ። ምንሽሩ ቀረ። ደረሰኝ ስጠኝ ስለው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ስሜን ብቻ ጽፎ ሰጠኝ።

ሕግ አዋቂው ከደሴ፦
ወንድሜ፣ ያንተ ጉዳይ የአፈጻጸም ስሕተት ነው፤ ሕጉ ስሕተት አይደለም። አቤቱታ በጽሑፍ አቅርብ።

የመርሳው ገበሬ፦
አፈጻጸም የምትለው ነገር ከሕጉ ውጭ የት ነው የሚኖረው? ገበሬው አዋጁን በነጋሪት ጋዜጣ አያገኘውም። እሱ ዘንድ ሕጉ ማለት ኬላው ላይ የቆመው ልጅ ነው። ልጁ ሲቀየር ሕጉ ይቀየራል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስ ተከለከለ፤ አዋጁ ተራዝሞ እስከ ግንቦት 2016 መጨረሻ ቆየ። እሺ፣ አበቃ። ካበቃ በኋላ አንድ ሰው እንኳ ገበያ ላይ ቆሞ «ከዛሬ ጀምሮ ፈቃድ ያለው ሰው ይዞ መሄድ ይችላል» ወይም «አይችልም» ብሎ ነገረን? ክልከላው ሲመጣ በድምፅ ማጉያ ነው፤ ሲነሣ ግን ማንም አይናገርም።

የኩታበሯ እናት፦
እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የተማራችሁት መልሱልኝ። ባለቤቴ በ2014 ዐረፈ። ክላሹ በእሱ ስም የተመዘገበ ነው። ልጄ ገና ተማሪ ነው። ላስረክብ ብዬ ብሄድ «ባለቤቱ ይምጣ» አሉኝ። ሞቷል ብል «የሞት ማስረጃ አምጪ» አሉኝ። በዚያ ጊዜ የሞተ ሰው ማስረጃ ከማን ነው የሚገኘው? ጎረቤት ቀበረው እንጂ መዝጋቢ አልነበረም። ቤት ውስጥ ባስቀምጠው ደግሞ ያለ ፈቃድ የያዘች እባላለሁ። መሸጡም ወንጀል ነው። ጓሮ ቅበሪው የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን ከልጄ ጋር በእስር ቤት በር መመላለስ አልፈልግም።

የወገል ጤና ልጅ፦
እትዬ፣ እንዳትሰጭ። ዛሬ ብትሰጭ ነገ ሌባ በርሽን ሲሰብር ማን ይደርስልሻል?

የኮምቦልቻ ሾፌር፦
አንተ ሰው፣ ሴትየዋን ወደ ጥፋት አትግፋት! እሷ ላስረክብ እያለች ነው፤ የሚቀበላት ጠፋ እንጂ።

ሕግ አዋቂው ከደሴ፦
እትዬ፣ ወራሽ የሞተ ሰው መሣሪያን ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። ምስክሮችና የቀበሌውን ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ። ማመልከቻውን እኔ እጽፍልዎታለሁ፤ ገንዘብ አልጠይቅም።

የኩታበሯ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ግን ክላሹን ይዤ ልሂድ ወይስ ቤት ትቼው? ይዤ ብሄድ ደሴ መግቢያ ኬላ አለ።

የመርሳው ገበሬ፦
መልስ እንጂ! አዋጁ «ልማድ የሆነበት አካባቢ» ይላል። ኩታበር ላይ ልማድ ከሆነ፣ ደሴ መግቢያ ላይ ልማዱ የሚቆመው ስንተኛው ምሰሶ ላይ ነው? እትዬ እስከዚያ ድረስ ተሸክመውት ይሂዱ?

ሕግ አዋቂው ከደሴ፦
ይዘው አይሂዱ። ፖሊስ ቤታቸው መጥቶ ይረከብ ተብሎ በማመልከቻው ይጻፋል።

የጃማው፦
መጥቶ ሲረከብ በሙሉ ቁጥሩ የተጻፈ፣ ፊርማና ማኅተም ያለው ደረሰኝ ይስጥ ብለህ ጨምርበት። የእኔን ብጣሽ ፎቶ አንሥቼ እልክልሃለሁ፤ አያይዘው።

ሕግ አዋቂው ከደሴ፦
ላክ፤ አያይዘዋለሁ። ግን አሁንም እላለሁ፤ ጊዜ ተሰጥቶ ነበር።

የመርሳው ገበሬ፦
አሁንም እጠይቅሃለሁ፤ ወሩን ንገረኝ።