ክርክር፦ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የልጆችን የሰፈር እንግሊዝኛ ይከልክሉ?

እናት፣ ከኒውካስል፦
መነሻውን እኔ ላስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሚድልስብሮ ያለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ልጆች የተወሰኑ የሰፈር አነጋገሮችን ሲጠቀሙ እቤት እንዲታረሙ ለወላጆች ደብዳቤ ላከ። ‹ዩዝ› እና ‹አይ ሲን› («አየሁ» ለማለት፤ በመደበኛው ‹አይ ሶው›) ከዝርዝሩ ነበሩበት። በዚያው ዓመት በደቡብ ለንደን፣ ክሮይደን፣ ሌላ ትምህርት ቤት ‹ኢኒት› («አይደል?») እና መሰሎቹን ከልክሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

እኔ ቤት ደግሞ ባለፈው ሐሙስ ገባ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ለጓደኞቿ ‹አር ዩዝ ካሚንግ?› ስትል አስተማሪዋ ሰምታ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «እንዲህ የሚባል ቃል የለም» አለቻት። ልጄ ራቷን ሳትበላ ተኛች።

ቃሉ ግን አለ። ‹ዩዝ› እናንተ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ድሮ አንዱን ሰው ‹ዛው›፣ ብዙውን ‹ዩ› ይል ነበር። ቆይቶ ‹ዩ› እንደኛ «እርስዎ» ማክበሪያም ሆነ፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ‹ዛው› ከመደበኛው ንግግር እየጠፋ ሄደና አንተም፣ አንቺም፣ እናንተም፣ እርስዎም በአንድ ‹ዩ› ተጠቀለሉ። ሰው ይህ ጎደለው። ሊቨርፑልና ግላስጎ ‹ዩዝ› አሉ፣ የአሜሪካ ደቡብ ‹ያል› አለ፣ ፒትስበርግ ‹ዪንዝ› አለ። የጎደለውን የሞላ ሰው በምን ሒሳብ ነው የሚወቀሰው? አቋሜ፦ አይከልከል።

መምህር፣ ከደቡብ ለንደን፦
እህቴ፣ የልጅሽ ነገር አሳዝኖኛል፤ በክፍል ፊት መባል አልነበረበትም። በጉዳዩ ግን አልስማማም። ልጆቻችን በ16 ዓመታቸው በሚቀመጡበት የእንግሊዝኛ ፈተና ከመቶው 20 ነጥብ የሚሰጠው ለቃላትና ለዓረፍተ ነገር አጠቃቀም፣ ለፊደል አጻጻፍና ለሥርዓተ ነጥብ ነው። የንግግሩ ፈተና ለብቻው ቢመዘገብም መደበኛውን እንግሊዝኛ ይጠይቃል። ስሙ አበሻ፣ መልኩ ጥቁር የሆነ ልጅ ደግሞ ሥራ ሲጠይቅ አፉን ሳይከፍት መለካት ይጀምራል። ሌላ መቀነሻ ምክንያት እንዲያገኙበት አልፈልግም።

ተንከባካቢ፣ ከዮርክሽር፦
እኔ የአረጋውያን መጦሪያ የገባሁት የእንግሊዝኛ ፈተናዬን በጥሩ ነጥብ አልፌ ነው። በሁለተኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት «‹ቲ› አልደረሰኝም» አሉኝ። ወተት ጨምሬ ሻይ አቀረብኩላቸው። አመስግነው ጠጡ፤ ትንሽ ቆይተው ደገሙት። ሌላ ሻይ ወሰድኩ። በሦስተኛው እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው አዩኝ። ለካ በሰሜን እንግሊዝ ለብዙ ሰው ‹ቲ› የማታ ምግብ ነው፣ ምሳው ደግሞ ‹ዲነር›። የእሳቸው ሳህን ሳይወጣ ተረስቶ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ያስራብኳቸው የአገራቸውን ቃል ማንም ስላላስተማረኝ ነው። ያ ፊታቸው እስካሁን ይታየኛል።

ደግሞ መምህር፣ እርስዎ ግቢ የልጆቹ ምሳ ‹ስኩል ዲነር› አይደል የሚባለው?

ነጋዴ፣ ከጆሃንስበርግ፦
እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ። እዚህ ደንበኛ ‹ጀስት ናው› እከፍላለሁ ካለህ ቆይቼ ማለቱ ነው፤ መቼ እንደሆነ እሱ ያውቃል። ቶሎ ማለት ሲፈልግ ‹ናው ናው› ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ዕቃ አስረክቤ ደጃፍ ላይ ቆሜ ውያለሁ። መንገድ ስጠይቅ «‹ሮቦት› ጋ ስትደርስ ታጠፍ» ተባልኩ፤ የትራፊክ መብራት ማለታቸው ነው። እኛ እንግሊዝኛ የተማርነው ከሁሉም ጋር ሊያግባባን ነበር። እያንዳንዱ በሰፈሩ ቃል ከጸና የውጭ ሰው ምኑን ይጨብጥ?

ተንከባካቢ፣ ከዮርክሽር፦
ወንድሜ፣ እዚያ እንግዳው አንተ ነህ። አገሬው ‹ጀስት ናው›ን እንዲተውልህ ትጠይቀዋለህ?

ነጋዴ፣ ከጆሃንስበርግ፦
አልጠይቅም። የአገሬው ልጅ ግን ለንደን ሲሄድ ቃሉ ለሰው እንደማይገባ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

የሁለት ልጆች አባት፣ ከቨርጂኒያ፦
ይህ ክርክር እኛ ጋ ከእናንተ ቀድሞ ነው የፈነዳው። በታኅሣሥ 1996 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የኦክላንድ ከተማ የትምህርት ቦርድ የጥቁር አሜሪካውያን ልጆችን አነጋገር ራሱን የቻለ ቋንቋ ብሎ ተቀብሎ፣ መደበኛውን እንግሊዝኛ በእሱ መነሻነት እናስተምር ሲል ወሰነ። አገር ተንጫጫ፤ ብዙ ሰው ስህተት ሊያስተምሩ ነው ብሎ ተቆጣ። በጥር 1997 የአሜሪካ የሥነ ልሳን ማኅበር አነጋገሩ የራሱ ሕግ እንዳለው፣ ልጆችን በዚያ መነሻ ማስተማሩም ተገቢ እንደሆነ በይፋ ገለጸ።

ሕጉን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ‹ሂ ዎርኪንግ› ማለት «አሁን እየሠራ ነው»፤ ‹ሂ ቢ ዎርኪንግ› ግን «ሁልጊዜ ይሠራል፣ ሥራው ያ ነው»። መደበኛው እንግሊዝኛ በተጨማሪ ቃል የሚለየውን ይህ በአንድ ‹ቢ› ይለየዋል። ይህን የማያውቅ አስተማሪ ቀይ እስክሪብቶውን ሲያነሳ የሚሰርዘው የልጁን ሐሳብ ነው።

«መደበኛ» የሚሉትም ቢሆን አንድ አይደለም። እንግሊዞች እግር ኳስ ‹ሶከር› ሲባል ይቆጣሉ፤ ቃሉን ግን ‹አሶሲየሽን ፉትቦል› ከሚለው ስም፣ ከ‹አሶሲየሽን› ቆርጠው ያወጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ ተማሪዎች ናቸው። የአሜሪካ ነው ተብሎ የሚናቀው ‹ጋተን›ም (እንግሊዞች ዛሬ ‹ጋት› የሚሉት) ከእንግሊዝ ነው የመጣው።

መምህር፣ ከደቡብ ለንደን፦
የኦክላንዱን አልክድም። ‹አይ ሲን ኢት› የሚል ጽሑፍ ሲመጣልኝ ለዓመታት መስመር አስምሬ ብቻ እመልስ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላስረዳም። ይህ ጥፋቴ ነው። ካሁን በኋላ የሰፈሩንና መደበኛውን ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። በቃል ሲነገር ግን ማረሜን አልተውም። ቀጣሪ ፊት ተቀምጦ አነጋገሩን መለወጥ የሚችለው ዕለት ዕለት የተለማመደ ልጅ ነው።

እናት፣ ከኒውካስል፦
መምህር፣ ልምምድ ከሆነ የልምምድ ሰዓት ይኑረው። ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ ፈተና ላይ አልነበረችም።

ሰኞ አስተማሪዋን ለማነጋገር ቀጠሮ ይዣለሁ። ድርሰት ላይ ‹ዩዝ› ካየች ታርመው፣ ጎኑ ላይም «ይህ የከተማችን ‹እናንተ› ነው፤ ስንጽፍ ‹ኦል ኦፍ ዩ› እንላለን» ብላ ትጻፍበት። «እንዲህ የሚባል ቃል የለም» ያለችውን ግን በዚያው ክፍል ፊት እንድታነሳው እጠይቃታለሁ።