«ቁልቁለት ነው የወሰዳት»

የለንደኑ፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ ከእንፋሎት ባቡሮች ማንን እንደምንወድ ድምፅ እየሰጠን ስንጨዋወት አንድ ሰው ስለ እንግሊዟ ማላርድ «ቁልቁለት ነው የወሰዳት» ብሎ ወርወር አድርጎ ሄደ። ግማሹ ሰው ሳቀ። እኔ ትናንትም አልሳቅኩም፣ ዛሬም አልሳቅኩም። ጁላይ 3 ቀን 1938 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ማላርድ ከግራንተም ወደ ፒተርቦሮ በሚወስደው መስመር በሰዓት 126 ማይል ገባች፣ በኪሎ ሜትር 202.8 ማለት ነው። ከኋላዋ የመለኪያ መሣሪያ የተጫነበት ፉርጎ ጭምር ሰባት ተሳቢ ነበር፣ 240 ቶን ገደማ። እስከ ዛሬ በእንፋሎት ሄዶ ያንን የሰበረ የለም። እስቲ ያ ሰው ይምጣና ፊት ለፊት ይናገር።

አረንጓዴዋ፦ መጣሁ። ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ቦታው ስቶክ ባንክ ይባላል፣ ለብዙ ማይል ወደ ታች ነው የሚሄደው። ቁልቁለት ላይማ ጋሪም ይሮጣል። እኔ የምወደው ፍላይንግ ስኮትስማንን ነው። በ1923 ከዶንካስተር ወጥታ በዚህ ዕድሜዋ መንገደኛ ጭና ስትሄድ ታያታለህ። ያንተዋ ዮርክ ሙዚየም ውስጥ ቆማ ፎቶ ትነሳለች። ሰው የሚወደው የሚሄደውን ነው።

የፍራንክፈርቱ፦ ሁለታችሁም ከእንግሊዝ ውጭ ሐዲድ ያልተዘረጋ አስመሰላችሁት። 05 002 የሚባለውን የጀርመን ባቡር፣ የቦርዚግ ፋብሪካን ሥራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሜይ 11 ቀን 1936፣ በሃምቡርግና በርሊን መስመር ላይ፣ 200.4 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ሜዳ ላይ። ላልሰማ ልድገመው፦ ሜዳ ላይ።

የለንደኑ፦ 200.4 ከ202.8 ያንሳል። በአማርኛም በጀርመንኛም ያንሳል።

የፍራንክፈርቱ፦ ሜዳና ቁልቁለትን አንድ ላይ የሚለካ ሰው ምን ይባላል?

የለንደኑ፦ የዓለም ሪከርድ መዝጋቢ ይባላል።

ሜካኒኩ፦ እናንተ ስትሰዳደቡ እኔ ትንሽ ሒሳብ ልሥራ። ስቶክ ባንክ «ቁልቁለት» ሲባል የእንጦጦን መንገድ የሚያስብ ካለ ይርሳው። አብዛኛው በየ178 እና በየ200 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ ነው የሚወርደው። በእግር ብትሄድበት መውረድህንም ላታውቅ ትችላለህ። ባቡር ግን ያውቃል። ማላርድ ከነከሰልና ውኃ ጋሪዋ 165 ቶን ገደማ ናት፣ ተሳቢውን ስትጨምር ከ400 ቶን በላይ። ይህን ክብደት በ200 አንድ በሆነ ተዳፋት ላይ በዚያ ፍጥነት ስትለቀው ምድር ራሷ የምትረዳው 1,500 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሆናል። ማንም ከኪሴ አወጣሁት እንዳይል፣ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዛችሁ ሥሩት።

የፍራንክፈርቱ፦ ይኸው! 1,500 ፈረስ በነፃ! ሜካኒክ ይኑር!

አረንጓዴዋ፦ ሜካኒክ ይኑር እላለሁ እኔም። ቁልቁለት ነው የወሰዳት።

ሜካኒኩ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። የማላርድ ትልቁ ጎማ ዲያሜትሩ 2.03 ሜትር ነው። በ202.8 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ያ ጎማ በአንድ ሴኮንድ ዘጠኝ ጊዜ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይዞራል። ፒስተኖቹ፣ ሦስት ሲሊንደር ነው ያላት፣ በሴኮንድ ያንኑ ያህል ወዲያና ወዲህ። በዚያ ፍጥነት ከባዱ ነገር የገባው እንፋሎት ሥራውን ጨርሶ ቶሎ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ካልወጣ ራሱ ፍሬን ይሆናል። ማላርድ ከብዙዎቹ እህቶቿ የምትለየው ድርብ ጭስ ማውጫ ስለተሠራላት ነው፣ ኪልቻፕ የሚባለው። ይህን ተዳፋት አይሰጥም። የጀርመኑ ደግሞ 2.30 ሜትር ጎማ ስለነበረው በሴኮንድ ስምንት ዙር እንኳ አይሞላም፣ ለዚያ ነው እንደዚያ የተሠራው። ብልሃቱ ይለያያል።

የለንደኑ፦ ሌላም ልጨምር። «ቁልቁለት» የምትሉ ሰዎች ከቁልቁለቱ በፊት ምን እንዳለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ዳገት። የዚያን ቀን ግራንተም ላይ ሐዲድ ስለሚጠገን ሹፌሩ ጆ ዳዲንግተን እስከ 24 ማይል ዝቅ እንዲል ተገደደ። ከዚያ ተነስቶ ሽቅብ እየወጣ የስቶክ አናት ላይ ሲደርስ ወደ 75 ማይል አስገብቷታል። ሽቅብ! እሳት አንዳጁ ቶሚ ብሬይ አካፋውን ይዞ ምን እንዳሳለፈ አስቡት። ቁልቁለቱ ነው የወሰዳት ካላችሁ ዳገቱን ማን አወጣት?

አረንጓዴዋ፦ ዳገቱን ማን እንዳወጣት አልጠየቅኩም። 126 የገባችው የት ነው? እሱን መልስ።

የፍራንክፈርቱ፦ ከዚያስ ምን ሆነች? ጨርስልን እንጂ የለንደኑ። ወደ ለንደን ገባች?

ሜካኒኩ፦ አልገባችም። የመሐለኛው ሲሊንደር ቢዬላ (ፒስተኑን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ኩሽኔታ ጋለ። የሚገርመው ነገር ኩሽኔታው ሲግል የሚፈነዳ የአኒስ ሽታ ያለበት ብልቃጥ ተቀብሮበት ነበር፣ ሹፌሩ አደጋውን በአፍንጫው እንዲያውቅ። ኡዞ የቀመሰ ሽታውን ያውቀዋል። እንደ ምንም ፒተርቦሮ ደረሰች፣ ከዚያ ሌላ አሮጌ ባቡር ተሳቢዎቹን ተቀብሎ ሄደ። ዶንካስተር ተጠግና ብዙም ሳትቆይ ወደ ሥራ ተመልሳለች።

የፍራንክፈርቱ፦ አንድ ጊዜ ሮጣ የወደቀች። የኛው 05 002 ቤቱ ገብቷል።

የለንደኑ፦ «የኛው»! ከመቼ ወዲህ? ለመሆኑ ያ «የናንተው» አሁን የት አለ?

የፍራንክፈርቱ፦ በ1960 ተቆራረጠ።

የለንደኑ፦ ብረታ ብረት ሆነ በለው።

የፍራንክፈርቱ፦ ወንድሙ 05 001 ኑርንበርግ ሙዚየም ውስጥ አለ፣ ቀይ ቀሚሱን ለብሶ። መጥተህ እየው፣ ምሳ እጋብዝሃለሁ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።

የድሬ ልጅ፦ ልጆች፣ ከጠዋት ጀምሮ አነባለሁ። «ቁልቁለት፣ ቁልቁለት» ትላላችሁ። ሽማንደፈርን ረስታችሁት ነው? ከጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ተነስቶ ለገሃር ድረስ 784 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ወለል እስከ ከ2,300 ሜትር በላይ። በአንድ ሜትር ጠባብ ሐዲድ። ድሬ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917። በረሃ ውስጥ ውኃ ፈልጎ፣ ቦይለር ሞልቶ፣ ሽቅብ የወጣውን ማንም አይዘምርለትም። እኔ የምወደው እሱን ነው። አቦ፣ ፍጥነት ምን ያደርጋል!

አረንጓዴዋ፦ ጋሼ፣ ያ መስመር በክብር ይቀመጥልን፣ ግን የትኛው ባቡር ነው የሚወዱት? መስመር አይመረጥም፣ ሎኮሞቲቭ ነው የሚመረጠው።

የድሬ ልጅ፦ ሁሉንም። ዲዜል የሚባለው ሳይመጣ የነበሩትን ሁሉንም።

የለንደኑ፦ ጋሼ ቢያንስ ሽቅብ የሚወጣ ይወዳሉ። እኔም ማላርድ ዳገቱን በ75 ማይል ጨርሳለች ስል ነው የዋልኩት።

የድሬ ልጅ፦ የናንተን ዳገት ልጁ በ200 ሜትር አንድ ሜትር ነው አለ አይደል እንዴ? እሱ ዳገት ነው?

ዝም ብዬ አንባቢ፦ ሽቅብ ከተባለ የምጽዋ አስመራን መስመር የሚያነሳ የለም? ከባሕር ተነስቶ 118 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ የሠሩት ማሌ የሚባሉት ናቸው፣ ሁለት ጥንድ ሲሊንደርና ሁለት የጎማ ስብስብ ያላቸው፣ ጠምዛዛውን ተራራ ለመዞር ወገባቸው የሚታጠፍ። 442 የሚባሉትን የጣሊያኑ ፋብሪካ አንሳልዶ የሠራቸው በ1938 ነው፣ ልክ ማላርድ በወጣችበት ዓመት። ሐዲዱ በኤርትራ የነፃነት ጦርነት ጊዜ ተነቅሎ ለምሽግ ውሎ ነበር። በ1990ዎቹ ጡረታ የወጡ አዛውንቶች ተመልሰው ባቡሮቹንም ሐዲዱንም በእጃቸው አነሱት። ከእንግሊዝና ከጀርመን ድረስ የእንፋሎት ባቡር ወዳጆች ያንን ሊያዩ ሄደዋል። ከኛ ባቡሮች ውስጥ ምርጡ እሱ ነው።

የድሬ ልጅ፦ «ከኛ» ስትል ከማን ነው?

ዝም ብዬ አንባቢ፦ ኧረ ጋሼ፣ በደፈናው ነው ያልኩት።

የድሬ ልጅ፦ በደፈናው አይባልም። የሰው ነው፣ የሠሩት ሰዎች አሉ፣ አገር አላቸው። የራሳችንን ሳንጠብቅ የሰው ቆጥረን «የኛ» እንላለን።

ዝም ብዬ አንባቢ፦ እሺ፣ ዝም ብዬ አነባለሁ።

ዴንቨር ያለሁት፦ ሰላም ለሁሉም። የምትጣሉበት ነገር አልገባኝም። የአሜሪካው ቢግ ቦይ እያለ? በ1941 እና በ1944 ሃያ አምስት ተሠሩ፣ ከነከሰል ጋሪው ከ540 ቶን በላይ፣ ርዝመቱ 40 ሜትር። ከተረፉት ስምንቱ አንዱ፣ 4005፣ እዚህ ዴንቨር ሙዚየም ውስጥ አለ። 4014 ደግሞ በ2019 ታድሶ አሁን ይሄዳል። ዋሳች የሚባለውን ተራራ ጭነት እየጎተተ እንዲወጣ ነው የተሠራው። ቁልቁለት አይፈልግም፣ ዳገት አምጡለት።

አረንጓዴዋ፦ 4014 ከሰል ነው የሚያነደው?

ዴንቨር ያለሁት፦ ሲታደስ በዘይት እንዲነድ ተደርጓል።

አረንጓዴዋ፦ አመሰግናለሁ። ጨርሻለሁ።

ዴንቨር ያለሁት፦ እንፋሎቱ እንፋሎት ነው! ውኃው የሚፈላው በምንም ይፍላ!

ሜካኒኩ፦ በዚህ ዴንቨር እውነቱን ነው። ለእንፋሎት ከሥሩ ያለው እሳት ከከሰል ይሁን ከዘይት ደንታው አይደለም። እሳት አንዳጁ ነው ዕረፍት የሚያገኘው። በነገራችን ላይ አረንጓዴዋ፣ ትናንት «በይፋ ተለክታ 100 ማይል የገባች የመጀመሪያዋ ስኮትስማን ናት» ብለህ ነበር። ያ የት ነው የሆነው?

አረንጓዴዋ፦ ኖቬምበር 30 ቀን 1934። ከሊድስ ስትመለስ።

ሜካኒኩ፦ ቀኑን አላልኩም። የት?

አረንጓዴዋ፦ ሊትል ባይተም አካባቢ።

የለንደኑ፦ ሊትል ባይተም! ሊትል ባይተም የት ነው ያለው? ማነው ካርታ ያለው? ሊትል ባይተም ያለው ስቶክ ባንክ ላይ ነው! ማላርድ 126 የገባችውም እዚያው አጠገብ ነው! ያቺው ተዳፋት፣ ያው ሐዲድ፣ ወደዚያው አቅጣጫ፣ ወደ ታች!

የፍራንክፈርቱ፦ ሆዴን አመመኝ።

አረንጓዴዋ፦ ይለያል። ስኮትስማን በ1923 የተሠራች፣ አፍንጫዋ በነፋስ መከላከያ ያልተሸፈነ ባቡር ናት። ያላት ዕቃ ያው የተለመደው ነው። ማላርድ ግን ለዚሁ ተብላ ነው የተዘጋጀችው።

የለንደኑ፦ ቁልቁለቱ ግን አይለይም። ጋሪም ይሮጣል አልክ እኮ። ስኮትስማን ጋሪ ነበረች?

ሜካኒኩ፦ በ1904 ሲቲ ኦቭ ትሩሮ የምትባል ሌላ የእንግሊዝ ባቡር 102.3 ማይል ገባች የሚባለውም ዌሊንግተን ባንክ ላይ ነው፣ እሱም መውረጃ ነው፤ በዚያ ላይ ቁጥሩ ራሱ ያከራክራል። እንግሊዞች ፍጥነት ሲፈልጉ ወደ ታች ነው የሚሄዱት፣ ነውር የለበትም። በ«ቁልቁለት» ከተሰረዘ ግን ሁሉም ይሰረዝና ሜዳ ላይ የሄደው ጀርመን ብቻውን ይቀራል።

የፍራንክፈርቱ፦ እኔ ከመጀመሪያው ምን አልኩ? እንዲያውም ሌላ ልጨምር። ማላርድን የነደፉት ሰር ናይጀል ግሬስሊ ራሳቸው 126 ብለው አያውቁም። ያሉት 125 ነው። 126 የሚለው ሰሌዳ የተለጠፈባት በ1948 ነው፣ እሳቸው የሞቱት በ1941። ሰውየው በሕይወት እያሉ ያላሉትን ሙት ወቃሽ አትሁኑ።

የለንደኑ፦ ሙት ወቃሽ የሚባለው ለዚህ አይደለም። 125 ይሁን። 125 ማይል 201.2 ኪሎ ሜትር ነው። ከ200.4 በ0.8 ይበልጣል። 0.8 ብልጫ ነው፣ ብልጫ ብልጫ ነው።

የፍራንክፈርቱ፦ 0.8 ከ1,500 ፈረስ ጋር። እሺ፣ ውሰደው።

ዴንቨር ያለሁት፦ ሜዳ ላይ 540 ቶን የሚያህል ነገር...

የለንደኑ፦ ዴንቨር፣ ትንሽ ቆየን። አረንጓዴዋ፣ መልስ አልሰጠህም። የስኮትስማን 100 ይሰረዝ ወይስ የማላርድ 126 ይቆይ? አንዱን ምረጥ።

አረንጓዴዋ፦ ስኮትስማን ሪከርድ አያስፈልጋትም። ሰው የሚወዳት በሪከርድ አይደለም። በ1963 አለን ፔግለር በ3,000 ፓውንድ ገዝቶ ከመቆራረጥ ያዳናት፣ አሜሪካ ይዟት ሄዶ በ1972 የከሰረባት፣ አውስትራሊያ ድረስ ተጭና በ1989 ሳትቆም 679 ኪሎ ሜትር የሄደች፣ በ2004 ሙዚየሙ በ2.3 ሚሊዮን ፓውንድ የገዛት፣ ከዚያ በ4.2 ሚሊዮን ታድሳ በ2016 ስትወጣ ሰው ሐዲድ ዳር የተኮለኮለላት ናት። ይህን ታሪክ ማን አለው?

የድሬ ልጅ፦ 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ ለአንድ አሮጌ ባቡር! እኛ ግማሹን ብናገኝ...

ሜካኒኩ፦ ጋሼ፣ ቦይለሯን ብቻ ስንት ጊዜ ቀየሩላት። ዛሬ በ1923 ከወጣችው ስንት ብረት እንደቀረባት ሲጨቃጨቁ ሌላ ክርክር ነው፣ አልከፍተውም።

አረንጓዴዋ፦ ከፍተኸዋል።

የለንደኑ፦ አትዙርብኝ። «ሪከርድ አያስፈልጋትም» አልክ። ትናንት ድምፅ ስትሰጥ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርህ «100 ማይል የገባች የመጀመሪያዋ» የሚል ነበር። ስክሪን ሾት አለኝ።

አረንጓዴዋ፦ ለጥፈው።

የለንደኑ፦ ከሥራ ስወጣ እለጥፈዋለሁ። ካርታውንም ጨምሬ።

የፍራንክፈርቱ፦ ሊትል ባይተምን በቀይ ክበብልን።