ብርካችን በአዳር 5 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል፤ ምን ይበጃል?

ሰላም ለሁላችሁ። ብርካው ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ያለ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ የጋራ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 6፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር። የበልግ ጎርፍ ሞልቶት ነበር። አሁን ማንም ሳይቀዳበት በአዳር 5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ 3 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ 150 ጀሪካን ውሃ መሆኑ ነው። ትነት እንዳይባል ሌሊት ነው፣ ላዩም በቆርቆሮ ተሸፍኗል።

ስንጥቁ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው፤ ጥፍር ያስገባል። ዓምና አንድ ሲሚንቶ በሦስት አሸዋ ተደርጎ ተለስኖ ነበር፣ በሁለት ወሩ ተላጠ። የምጠረጥረው አሸዋውን ነው፤ ከደረቁ ወንዝ እንደተዛቀ ሳይታጠብ ነው የገባው፣ ጭቃ አለበት። ልስኑም ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት ሲገባው በ2 ቀን ተተወ። (ለልስን የሚሆን ውሃ ከየት ይምጣ!)

ጥጉን ፈልፍሎ የዶሮ ሽቦ አስገብቶ እንደገና መለሰን ይሻላል ወይስ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ) ማንጠፍ? ጂኦሜምብሬኑ በባልዲ እንዳይቀደድ እፈራለሁ። ውስጡ የቀረውን 1 ሜትር ውሃ ሳንደፋ የሚሠራ መላ ያላችሁ በተለይ ጻፉልኝ፤ ክረምቱ እስኪገባ ያለን እሱ ብቻ ነው።