ቤንቶናይትን ለፊት ማስክ ስለማዘጋጀት፦ መጓጎሉ፣ ቆዳ ማድረቁና ማቆያው

ጥያቄ፦ ጀማሪ ቀማሚ

ሰላም ለሁላችሁ። ግንባሩና አፍንጫው ቅባታማ፣ ጉንጩ ግን ደረቅ ለሆነ ፊት የሚስማማ ማስክ በቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው በሚያብጥ የሸክላ ዱቄት) ለማዘጋጀት እየሞከርኩ ነው። ያስቸገሩኝ ነገሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ በዱቄቱ ላይ ውሃ ሳፈስበት ውጩ ረጥቦ ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓል እየሠራ አልዋሃድ ይለኛል። ሁለተኛው፣ ማስኩ ፊቴ ላይ ሲደርቅ ጉንጬን አጥብቆ ይወጥረዋል፤ ካጠብኩትም በኋላ ቅላቱ ወዲያው አይጠፋም። ሦስተኛው፣ በርከት አድርጌ አዘጋጅቼ በብልቃጥ ማስቀመጥ ስለምፈልግ እንዳይበላሽ ሶዲየም ቤንዞኤት የተባለውን ማቆያ ገዝቻለሁ፤ ምን ያህል እንደሚጨመር ግን አላውቅም። ሸክላው ብረት ከነካው ኃይሉን ያጣል የሚባለውም እውነት ከሆነ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የመዋቢያ ቀማሚ

ስለ መጓጎሉ ልመልስልዎ፤ ችግሩ ከቅደም ተከተሉ የመጣ ነው። የቤንቶናይት ዋና ማዕድን ሞንትሞሪሎናይት ሲሆን እጅግ ስስ በሆኑ ንጣፎች የተደራረበ ነው፤ ውሃ በንጣፎቹ መካከል ሲገባ ያራርቃቸዋል፣ ዱቄቱም ያብጣል። ውሃውን ከላይ ሲያፈሱበት መጀመሪያ የረጠበው ክፍል ወዲያው አብጦ እንደ ዝልግልግ ሽፋን ስለሚሆን ወደ ውስጥ የሚሄደውን ውሃ ይዘጋበታል። ስለዚህ ነገሩን ይገልብጡት፤ ውሃውን አስቀድመው በሰፊ ዕቃ ያድርጉና ዱቄቱን ከላይ በስሱ እየነሰነሱ ሳያማስሉ በራሱ ጊዜ እስኪሰምጥ ይጠብቁ። ለብዙ ሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ከድነው ካቆዩት በኋላ ሲመቱት ልስልስ ያለ ጄል ይሆናል። ጊዜ ከሌለዎ ዱቄቱን አስቀድመው በጥቂት ግሊሰሪን አሽተው ውሃውን ቀስ በቀስ መጨመር ይችላሉ።

ጨው፣ አሲድ ወይም ማዕድን የበዛበት የዕፅዋት ውህድ የሚጨምሩ ከሆነ ሸክላው በሚገባ ካበጠ በኋላ ይሁን፤ ቀድሞ ከገባ እብጠቱን ያሰናክለዋል። ማሸጊያውንም ይመልከቱ። ሶዲየም ቤንቶናይት ከመጠኑ ብዙ እጥፍ ያብጣል፤ ካልሲየም ቤንቶናይት ግን የሚያብጠው በጣም ባነሰ መጠን ስለሆነ አንዱን በሌላው ቦታ በእኩል ግራም ቢተኩት ውፍረቱ ጨርሶ አይገጥምም።

ብረትን በተመለከተ፣ የማይዝግ ብረት ሳህን ወይም ማንኪያ ለጥቂት ደቂቃዎች ቢነካው በሸክላው ላይ የሚያደርስበት ጉዳት የለም። ሸክላው በፋብሪካ ሲፈጭና ሲጣራ ያለፈባቸው መሣሪያዎችም ብረት ናቸው።

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር

ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማቆያው ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ውህድ ውስጥ ሶዲየም ቤንዞኤትን የቱንም ያህል ቢጨምሩ ሥራውን አይሠራም። ሶዲየም ቤንዞኤት ሻጋታንና ባክቴሪያን የሚገታው ወደ ቤንዞይክ አሲድ የተለወጠው ክፍሉ ብቻ ሲሆን፣ ይህም የሚሆነው ውህዱ አሲዳማ ሲሆን ነው። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ከ7 በታች አሲዳማ፣ ከ7 በላይ አልካላይን ነው) 4.2 ሲሆን ግማሹ በዚህ መልክ ይገኛል፤ 5.2 ሲደርስ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል፤ ብዙ የቤንቶናይት ጄሎች በሚገኙበት 9 አካባቢ ግን የሚቀረው ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ማቆያ እንደተጨመረበት እያሰቡ ያለ ማቆያ ያስቀምጡታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ዕንቅፋት የሸክላው ጠባይ ነው። የንጣፎቹ ገጽ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አዎንታዊ ሙል ያላቸውን ንጥረ ነገሮች፣ ለምሳሌ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድን ወይም ክሎርሄክሲዲንን፣ ይዞ ያስቀራቸዋል። ሙል የሌላቸው ማቆያዎች ይሻላሉ፤ ከእነዚህም ፌኖክሲኢታኖል በሰፊ የፒኤች ክልል የሚሠራ ሲሆን የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድበዋል። ሆኖም ሻጋታን ለብቻው በበቂ ሁኔታ ስለማይገታ ብዙውን ጊዜ ከኢቲልሄክሲልግሊሰሪን ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። ይህም ቢሆን በሸክላ ላይ አስተማማኝ መሆኑ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ሆን ተብሎ ጀርም ተጨምሮበት ሲፈተን ነው። ሸክላ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ በመሆኑ የባክቴሪያ ስፖሮችን (ባክቴሪያው አንቀላፍቶ የሚቆይባቸውን ጠንካራ ቅርጾች) ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ስፖር ደግሞ በማቆያም ሆነ በተራ ማፍላት በቀላሉ አይጠፋም።

መልስ፦ ሳሙና ሠሪ

መምህሩ ያሉትን ካነበብኩ በኋላ የምመክርዎ አጭር ነው፤ ብልቃጡን ይተዉት። ዱቄቱ ደረቅ ሆኖ በደንብ ከተከደነ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ለአንድ ጊዜ የሚበቃዎትን ብቻ በንጹሕ ዕቃ አዋህደው የተረፈውን ይጣሉ። አንድ ማንኪያ ሸክላ ውድ ነገር አይደለም፣ የተበላሸ ማስክ ፊት ላይ ከመቀባት ግን ብዙ ያድናል። ሌሊቱን ማሳደር ለአንድ ጊዜ የሚበዛብዎት ከሆነ ከላይ የተጠቀሰው የግሊሰሪን ዘዴ ይበቃዎታል። እኔ አልካላይንነቱን ለመቀነስ ኮምጣጤ ጠብ አደርግበታለሁ፤ ያንንስ እንዴት ያዩታል?

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር

ኮምጣጤ ሲገባ አረፋ ካወጣ በሸክላው ውስጥ ካርቦኔት አለ ማለት ነው። ፒኤቹ ለጊዜው ይወርዳል፤ ካርቦኔቱ ቀስ በቀስ መሟሟቱን ሲቀጥል ግን ተመልሶ ከፍ ይላል። ወዲያው ለሚቀቡት ማስክ ጥቂት ጠብታ አይከፋም፤ በብልቃጥ ለሚቀመጥ ግን ዛሬ የለኩት ቁጥር ከሳምንት በኋላ ያው መሆኑን ማረጋገጫ የለዎትም። ኮምጣጤውን አብዝቶ ፊት ላይ ማድረግም ቆዳን ያቃጥላል።

መልስ፦ በቆዳ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ

ስለ መወጠሩና ስለ ቅላቱ ልጨምር። ጤነኛ የቆዳ ገጽ በጥቂቱ አሲዳማ ሲሆን ፒኤቹ አብዛኛውን ጊዜ በ5 አካባቢ ነው፤ ቤንቶናይት ደግሞ አልካላይን ከመሆኑም በላይ ቅባትን አጥብቆ ይይዛል። ይህ ለግንባርዎና ለአፍንጫዎ ሊጠቅም ቢችልም ለጉንጭዎ ጉዳት ነው። ሙሉ ፊትን በአንድ ሸክላ መሸፈን ግዴታ አይደለም፤ ቤንቶናይቱን በቅባታማው ክፍል ብቻ ይቀቡና ለጉንጭዎ ካኦሊን የተባለውን ለስላሳ ነጭ ሸክላ ይጠቀሙ፣ ወይም ጉንጩን ጨርሶ ይተዉት። ካኦሊን አያብጥም፣ ቅባት የመያዝ አቅሙም ዝቅ ያለ ነው፤ ፒኤቹም ለቆዳ የቀረበ ስለሆነ ለስስ ቆዳ የተሻለ ነው።

ማስኩ ተሰነጣጥቆ እስኪረግፍ መጠበቅ የተለመደ ቢሆንም አልደግፈውም። በ10 ደቂቃ አካባቢ፣ ጠርዙ መንጣት ሲጀምርና መሐሉ ገና እርጥብ ሳለ፣ ለብ ባለ ውሃ አርሰው ያንሱት፤ ቆዳው ሳይደርቅ ማለስለሻ ይቀቡ። በሳምንት አንድ ጊዜ በቂ ነው። ኤግዚማ፣ ቁስል ወይም የተላጠ ቆዳ ካለ አይቀባም፤ ሬቲኖይድ (ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ የቆዳ መድኃኒት) ወይም አሲድ ያለበት ቅባት የሚጠቀሙ ከሆነም በዚያው ምሽት አይደርቡት። ቅላቱ በማግስቱም ካለ ሸክላውን አቁመው ሐኪም ያማክሩ። በነገራችን ላይ፣ ሸክላ ከሰውነት «መርዝ ይስባል» የሚለው ማስታወቂያ መሠረት የለውም፤ የሚያነሳው በቆዳ ገጽ ላይ ያለውን ቅባትና ቆሻሻ ነው።

መልስ፦ የጥራት ተቆጣጣሪ

ዱቄቱን ሲገዙ ለመዋቢያ ወይም ለመድኃኒት የተዘጋጀ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለግንባታ፣ ለጉድጓድ ቁፋሮ ወይም ለእንስሳት ማደሪያ የሚሸጥ ቤንቶናይት ስሙ አንድ ቢሆንም ለፊት የታሰበ አይደለም። ከሻጩም የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት ይጠይቁ፤ በተለይ የእርሳስና የአርሴኒክ መጠን እንዲሁም የጀርም ቆጠራው የተጻፈበት ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከፍ ያለ እርሳስ በተገኘበት አንድ የቤንቶናይት ምርት ላይ ለተጠቃሚዎች ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። በዚያው ዓመት ባወጣው ረቂቅ መመሪያም በመዋቢያ ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 10 እጅ እንዳይበልጥ መክሯል። ማስኩን መዋጥ ወይም በከንፈር ላይ መቀባት አያስፈልግም። ዱቄቱን ሲመዝኑም አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ቤንቶናይት ክሪስታል ሲሊካ (እንደ ኳርትዝ ያለ ማዕድን) ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን ደጋግሞ መተንፈስ ለሳንባ ጎጂ ነው።

ጀማሪ ቀማሚ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለግንባሬ ቤንቶናይት፣ ለጉንጬ ካኦሊን በየጊዜው ትኩስ እያዋሃድኩ እጠቀማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የተረፈውን ጄል በእጅ መታጠቢያው ብደፋው ችግር አለው?

መልስ፦ የመዋቢያ ቀማሚ

አይድፉት። ቤንቶናይት ኩሬና ጉድጓድ ውሃ እንዳያሰርጉ ለማሸግ የሚያገለግል ማዕድን ነውና ቧንቧ ውስጥም ተከማችቶ ሊዘጋው ይችላል። የተረፈውን በወረቀት ጠርገው ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣሉት፤ ፊትዎንም ከመታጠብዎ በፊት አብዛኛውን በእርጥብ ጨርቅ ያንሱት።