የአባቴ ሳንባ መግል ቋጥሯል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ነው የምንኖረው። አባቴ ከወር በላይ ሲያስለው ከረመ። አክታው በጣም ይሸታል፤ ስኒ ውስጥ ሲተፋው ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። ቲቢ መስሎን ደንግጠን ነበር፣ ምርመራው ግን ነፃ ነው አለ። ራጁ ላይ ቀኝ ሳንባው ውስጥ ክብ ነገር አለ፤ ታቹ ፈሳሽ፣ ላዩ አየር። ሐኪሙ መግል ነው፣ ምናልባት ከተበላሸው ጥርሱ የተነሳ ይሆናል አሉን። አንቲባዮቲኩ ለ6 ሳምንት ነው። ገና በ12ኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው "ተሽሎኛል፣ በቃኝ" ብሎ ክኒኑን አልውጥም አለ። ካቋረጠ ያገረሽበታል ብዬ ብለምነው እንቢ አለኝ። ያስታመማችሁ ካላችሁ፣ እንዴት አሳመናችሁ? ደግሞ ዛሬ ጠዋት አክታው ላይ ደም አየሁ። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ልውሰደው? እባካችሁ፣ ጨንቆኛል።