ያገለገለ የእሳት አደጋ ልብስ መጣልን፤ እንዴት እንፈትሸው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ፋብሪካ ውስጥ፣ በእሳት መከላከል ቡድን ነው። በቅርቡ ከአሜሪካ ያገለገሉ ኮትና ሱሪዎች በእርዳታ መጡልን። ሲታዩ ደህና ናቸው፤ ግን ጭስ ጭስ ይሸታሉ። አንዱ ኮት ብብቱ ሥር ተተርትሯል። አለቃችን በበረኪና ታጥበው ፀሐይ ላይ ይሰጡ ይላል። ልክ ነው? የተተረተረውንስ የሰፈር ልብስ ሰፊ ቢሰፋው?

መልስ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከሜሪላንድ፦ ወንድሜ፣ በረኪናው ይቅር። ኬቭላርን የመሰሉ እሳት የሚቋቋሙ ክሮችን ያዳክማል። ፀሐይም እንደዚያው ነው። ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት ስቀሉት። ገበሩን ከውጪው ጨርቅ ለይታችሁ ለየብቻ እጠቡ። ውሃው ከ40 ዲግሪ አይብለጥ፣ ሳሙናው ለስላሳ ይሁን። ጓንት አድርጉ። ያ ሽታ ዝም ብሎ ሽታ አይደለም፤ ልብሱ ላይ የቀረ የጭስ መርዝ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2022 የእሳት አደጋ ሥራን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ቤት ወስዳችሁ ከልጆች ልብስ ጋር እንዳታጥቡት፣ አደራ!

መልስ፣ የሴፍቲ ባለሙያ ከአዳማ፦ ከእጥበቱ በፊት ሌብሉን እዩ። በአሜሪካኖቹ የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) ደንብ፣ ከተመረተ 10 ዓመት የሞላው ልብስ ባይለበስ እንኳ ከአገልግሎት ይወጣል። ዓመቱ የፈረንጅ ነው። 2010 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር ካሰባችሁት፣ ያረጀው ልብስ በሰባት በስምንት ዓመት አዲስ ይመስላችኋል።

ቀጥሎ ውስጡን ክፈቱ። ልብሱ ሦስት ንብርብር ነው፦ የውጪው ጨርቅ፣ ውሃ የማያስገባው መሃለኛው፣ ሙቀት የሚከላከለው ገበር። ብዙ ጊዜ ተደብቆ የሚበላሸው መሃለኛው ነው። ገበሩን ከነመሃለኛው ባልዲ አፍ ላይ ዘርጉ፤ ሙቀት ተከላካዩ ወደ ላይ ይሁን። አንድ እጅ የማጽጃ አልኮል በስድስት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አንድ ኩባያ አፍስሱበት። ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ከሥር ከራሰ ወይም ከተንጠባጠበ አልቆለታል። ትከሻውንና የሱሪውን እግሮች መጋጠሚያ በተለይ ሞክሩ፤ የሱሪ ማንጠልጠያና እንቅስቃሴ የሚጎዳው እዚያ ነው። ገበሩን ደግሞ በባትሪ መብራት አሳልፋችሁ እዩት፤ የሳሳ ቦታ ይታያል።

መልስ፣ የመከላከያ ልብስ ጠጋኝ ከአዲስ አበባ፦ ተራ ክር እሳት ሲነካው ይቀልጣል ወይም ይቃጠላል። ስፌቱ የሚለቀው ሰው እሳት ውስጥ እያለ ነው። ለዚሁ የተሠራ አራሚድ (የእነ ኬቭላር ዓይነት) ክርና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ያ ኮት አይለበስ። የራስ ቆቡንም ስንጥቅና የአገጭ ማሰሪያውን አትዝለሉ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሁለቱ ሌብል ጠፍቶ አይነበብም። ምን ይሻላል?

መልስ፣ የሴፍቲ ባለሙያ ከአዳማ፦ ዕድሜው ካልታወቀ ለእሳት አይሆንም። ጀርባው ላይ በትልቁ «ለልምምድ ብቻ» ብላችሁ ጻፉበት። ቱቦ ለመጎተትና መሰላል ለመውጣት ይሆናችኋል፣ እሳት በሌለበት ልምምድ ብቻ። ከደህናው ጋር አንድ መስቀያ ላይ እንዳይሰቀል፤ ሲሪን ሲጮህ ሰው እጁ የገባለትን ነው የሚያነሳው።